በአምስት ቀን ሁለት ቶርኔዶ፦ የመጀመሪያው የተሳካ ትንበያ ከየት መጣ?

ማርች 25 ቀን 1948፣ ከቀኑ 8፡50 ሰዓት። ከኦክላሆማ ሲቲ ዳር ባለው የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር አንድ አጭር ማስጠንቀቂያ በታይፕ ተጽፎ ለበረራ ክፍሉ ተሰጠ። ወደ ማምሻው ላይ ሰፈሩን ቶርኔዶ፣ ማለትም ከነጎድጓዳማ ደመና እስከ መሬት የሚወርድ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ሊመታው ይችላል ይላል። ወታደሮቹ አውሮፕላኖቹን ወደ ሃንጋር (ወደ አውሮፕላን መጠለያ) ማስገባት ጀመሩ። 12 ሰዓት ገደማ ቶርኔዶው መጣ። የመጣውም እዚያው ሰፈሩ ላይ ነበር።

በዘመናዊው ሜትዎሮሎጂ ታሪክ የመጀመሪያው የተሳካ የቶርኔዶ ትንበያ የሚባለው ይህ ነው። ቀኑንና ዓመቱን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዕለቱ በእኛ መጋቢት 16 ቀን 1940 ዓ.ም. ነበር።

ታሪኩ ሲነገር ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን ተአምር ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ "ዕድል ቀናቸው" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ይበልጥ የሚስበኝ ከዚያ በፊት የነበሩት ጥቂት ቀናት ናቸው። ሁለት ሰዎች በር ዘግተው የድሮ የአየር ሁኔታ ካርታ ሲያገላብጡ የሰነበቱባቸው ቀናት። ትንበያው የተወለደው እዚያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

ነገሩ የሚጀምረው ማርች 20 ማታ ነው። የዚያን ምሽት የትንበያ ተረኛ ሻምበል ሮበርት ሚለር ነበሩ። የካሊፎርኒያ ሰው ናቸው፤ ቲንከር ከመጡ ገና ወር እንኳ አልሞላቸውም። የደቡብ ካሊፎርኒያ ሰማይ ረጋ ያለ ነው። የኦክላሆማ የጸደይ ሰማይ ግን ከሰዓት በኋላ ጥርት ብሎ ውሎ ማታ ሊያብድ ይችላል።

ሚለርና ባልደረባቸው ካርታዎቹን አዩ፤ የሚያስፈራ ነገር አላገኙም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያወጡት ትንበያ በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ እንደሚኖር፣ ነጎድጓድ ግን እንደማይኖር የሚገልጽ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከደቡብ ምዕራብ የነጎድጓድ ዜና መምጣት ጀመረ። 3፡52 ላይ ከሰፈሩ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የዊል ሮጀርስ አውሮፕላን ማረፊያ ሪፖርት ደረሰ። ነፋሱ በሰዓት 148 ኪሎ ሜትር ደርሷል። የሪፖርቱ የመጨረሻ ሐረግ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ቶርኔዶ መሬት ነክቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየተጓዘ ነው። ሰሜን ምሥራቅ ማለት ቲንከር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጊዜ ለምንም አይበቃም። 4፡22 ሲሆን ቶርኔዶው ሰፈሩ መሃል ነበር። ውጭ የቆሙ አውሮፕላኖች እየተነሱ ተጋጩ፣ ተገለበጡ፣ ተቀዳደዱ። የመቆጣጠሪያ ማማው መስታወት ረግፎ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አቆሰለ። ከ30 በላይ አውሮፕላኖች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ጉዳቱ በዚያን ዘመን ገንዘብ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። ሰው አለመሞቱ እግዜር ይመስገን የሚያሰኝ ነው።

በማግስቱ ከዋሽንግተን ጄኔራሎች ለምርመራ መጡ። ትንበያ ክፍሉን ጠየቁ፣ ካርታዎቹን አዩ። በመጨረሻም በጊዜው በነበረው እውቀት አደጋው ሊተነበይ የሚችል አልነበረም፣ የተፈጥሮ ቁጣ ነው ብለው ደመደሙ። ለሚለር እፎይታ ነው። ጉዳዩ እዚያ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር። ብዙ ቦታም እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚዘጋው በዚሁ ቃል ነው።

የቲንከሩ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ፍሬድ ቦረም ግን አልዘጉትም። "ሊተነበይ አይችልም ነበር" ማለት ነገም አይቻልም ማለት ነው ወይ? ሚለርንና የክፍሉን ኃላፊ ሻለቃ ኧርነስት ፋውቡሽን ጠርተው ይህን ነገር አጥኑ አሏቸው። እኔ ለዚህ ትእዛዝ ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። ሰዎቹ ከወቀሳ ነጻ ከወጡ በኋላ ነው ሥራው የተሰጣቸው። ራሳቸውን ለመከላከል የሚጽፉት ሪፖርት ስለሌለባቸው ልባቸው ሙሉ በሙሉ ካርታው ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ማለት አለብን። ቶርኔዶን ለመተንበይ የሞከረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም ወይ? ነበረ። ጆን ፓርክ ፊንሌይ የሚባል የአሜሪካ ሠራዊት የሲግናል (የመገናኛ) ክፍል ባልደረባ በ1884 ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ላሉ አካባቢዎች "ዛሬ ቶርኔዶ ይኖራል" ወይም "አይኖርም" እያለ ይተነብይ ነበር። በድምሩ 2,803 ትንበያ አወጣ። ከእነዚህ 96.6 በመቶው ትክክል ነው ተባለ። ሲሰሙት ያስደንቃል።

ቁጥሩን ፈታ አድርገን እንየው። ፊንሌይ "ይኖራል" ያለው 100 ጊዜ ነው። ከ100ው ቶርኔዶ የታየው 28 ጊዜ ብቻ ነበር። 23 ጊዜ ደግሞ "አይኖርም" ብሎ ቶርኔዶ መጣ። የቀረው 2,680 ግን "አይኖርም" ብሎ በእርግጥም ያልነበረበት ነው። ቶርኔዶ ብርቅ ነገር ስለሆነ "የለም" ማለት ሁልጊዜ ያዋጣል። ዓመቱ ሳያልቅ ግሮቭ ካርል ጊልበርት የተባለ ሳይንቲስት ይህንኑ አሳየ። አንድ ሰው ምንም ካርታ ሳያይ በየቀኑ "ቶርኔዶ የለም" ቢል ውጤቱ 98.2 በመቶ ይሆናል። ምንም ያልሠራው ሰው ከፊንሌይ በለጠ ማለት ነው! እስከ ዛሬ የትንበያን ጥራት የሚለኩ ሰዎች ይህን የ1884 ሠንጠረዥ ያስተምሩበታል።

ፊንሌይን ግን ማጣጣል ተገቢ አይደለም። 100 ጊዜ "ይኖራል" ብሎ 28 ጊዜ ማግኘት ከባዶ ግምት እጅግ የተሻለ ነው። ስለ ላይኛው አየር ምንም መረጃ ባልነበረበት ዘመን፣ በምድር ካርታ ብቻ የተገኘ ውጤት ነው። የሆነ ሆኖ ሥራው ብዙ አልቆየም። በ1880ዎቹ ውስጥ ቶርኔዶ የሚለው ቃል ከመንግሥት ትንበያ ወጣ። ምክንያቱ የሕዝብ ድንጋጤ ነው። ከቶርኔዶው ይልቅ ድንጋጤው ይጎዳል የሚል እምነት ነበር። ለአስርት ዓመታት ተንባዮች ይህን ቃል ላለመጥራት ሲጠነቀቁ ኖሩ። ፋውቡሽና ሚለር ካርታ ሲዘረጉ ሳይንሱ ብቻ ሳይሆን ልማዱም ከባድ ሸክም ነበር።

አሁን ወደ ካርታው እንግባ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

የአየር ሁኔታ ካርታ አንድ ወረቀት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። በዚያን ጊዜም ቢሆን ተንባዩ ፊት የሚዘረጋው ብዙ ካርታ ነው። አንደኛው የምድር ካርታ ነው። በየጣቢያው የተለካው የአየር ግፊት፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ ይጻፍበታል። እኩል ግፊት ያላቸው ቦታዎች በመስመር ይያያዛሉ፤ ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ቦታ ክብ ሆኖ ይወጣል። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ነፋሱ ይበረታል። ሌሎቹ የላይኛው አየር ካርታዎች ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ ትንሽ ሬዲዮ የታሰረባቸው ፊኛዎች ይለቀቃሉ። ፊኛው እየወጣ በየከፍታው ያለውን ሙቀት፣ እርጥበትና ግፊት ይልካል፤ የነፋሱም ፍጥነት ይታወቃል። ከዚያ 1,500 ሜትር፣ 3,000 ሜትርና 5,500 ሜትር ገደማ ላለው ከፍታ የየራሱ ካርታ ይሣላል። የምድሩን ብቻ የሚያይ ሰው የቤቱን ወለል አይቶ ጣሪያውን ያላየ ነው። ፊንሌይ ያጣው ጣሪያውን ነበር።

ፋውቡሽና ሚለር ከዚህ በፊት ቶርኔዶ የመታባቸውን ቀናት ካርታዎች ሰበሰቡ። የምድሩንም የላይኛውንም። በነገሩ ላይ የተጻፉ ጥቂት ቀደም ያሉ ጥናቶችም ነበሩ፤ እነሱንም አነበቡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይዘው ቀን በቀን አወዳደሩ። ቶርኔዶ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ሰዓታት በእነዚህ ሁሉ ካርታዎች ላይ የሚደጋገመው ምንድን ነው?

የሚደጋገም ነገር አገኙ። በመጀመሪያ ደረጃ ከታች እርጥብ አየር አለ። ይህ አየር የሚመጣው ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። ሞቃት ነው፣ ከባሕሩ ላይ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። የሚመጣው ግን አገር ምድሩን እኩል ሸፍኖ አይደለም። ጠበብ ያለ ምላስ ሠርቶ ወደ ሰሜን ይዘረጋል። በምድር ካርታ ላይ የእርጥበት ቁጥሮቹን በመስመር ስታያይዙ ምላሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በዚህ እርጥብ አየር ላይ ደግሞ ወፍራም ደረቅ አየር ተኝቷል፤ ከደቡብ ምዕራቡ ደረቅ ደጋ የመጣ ነው። ይህ ደረቅ አየር ለጥቂት ሰዓታት ታችኛውን ይዞ ያቆየዋል። ሽሮ ክዳኑ ተገጥሞበት ሲንተከተክ ታውቃላችሁ። ውጭ ምንም አይታይም፣ ውስጡ ግን ኃይል እየሰበሰበ ነው፤ ሲገነፍል በአንድ ጊዜ ነው። ቶርኔዶ በሚመታበት ቀን ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጥርት ማለቱ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው።

የአየሩ ዓምድ በጠቅላላ ሲታይ ደግሞ ሚዛኑ የተናጋ መሆን አለበት። ከታች ሞቃት፣ ከላይ ቀዝቃዛ። ከታች ያለው አየር አንዴ ከተነሳ በራሱ ኃይል ሽቅብ መሮጡን እንዲቀጥል የሚያደርገው ይህ ልዩነት ነው።

ከዚያ ነፋሱ ይመጣል። ከ3,000 እስከ 6,000 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ ጠባብ የፈጣን ነፋስ መስመር ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ። ቁም ነገሩ መኖሩ ብቻ አይደለም። ይህ የነፋስ መስመር ከታች ያለውን የእርጥበት ምላስ ከላይ አቋርጦት ማለፍ አለበት። ሁለቱ የሚቆራረጡበት ቦታ ነው አደገኛው። ነፋሱ ከምድር ወደ ላይ በሄደ ቁጥር አቅጣጫውና ፍጥነቱ ሲለዋወጥ ወደ ላይ የሚወጣው አየር መሽከርከር ይጀምራል።

በመጨረሻ ይህን ሁሉ የሚያነሳ ገፊ መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ገፊው ከምዕራብ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ግንባር፣ ማለትም የቀዝቃዛው አየር የፊት ጠርዝ፣ ወይም ዝቅተኛ ግፊት ነው። እርጥቡን አየር ከሥሩ ገብቶ ሽቅብ ይወረውረዋል።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ለብቻው አዲስ ግኝት አልነበረም። እርጥበት እንደሚያስፈልግ ይታወቅ ነበር፤ የላይኛው ነፋስም ተጠርጥሯል። እነሱ ያደረጉት በአራት አምስት ካርታ ተበታትኖ የነበረውን ነገር አንድ ወረቀት ላይ ማምጣት ነው። የእርጥበቱን ምላስ በአንድ ቀለም፣ የላይኛውን ነፋስ በሌላ ቀለም፣ ደረቁን አየርና ግንባሩን በሌላ። ሁሉም ሲደራረብ አደገኛው ቦታ ራሱን ያሳያል። ኋላ ሚለር ይህን አሣሣል አዳብረው ለተንባዮች አስተምረዋል፤ ዛሬም ድረስ በስማቸው ይጠራል። ለእኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው። አዲስ መሣሪያ አልተሠራም። በእጅ ያለ መረጃ በአዲስ መልክ ተደረደረ።

ማርች 25 ጠዋት የዕለቱ ካርታዎች ደረሱ። ሁለቱ ሰዎች ሲዘረጓቸው ከአምስት ቀን በፊት ከነበሩት ጋር በጣም ይመሳሰላሉ። የእርጥበቱ ምላስ አለ፣ ደረቁ አየር አለ፣ የላይኛው ነፋስ ወደ ኦክላሆማ እየመጣ ነው። ለጄኔራል ቦረም ነገሯቸው። በመጀመሪያ የወጣው ግን የከባድ ነጎድጓድ ማስጠንቀቂያ እንጂ የቶርኔዶ ትንበያ አልነበረም።

8 ሰዓት ገደማ ሲሆን ራዳሩ ላይ ነጎድጓዳማ ደመናዎች በመስመር መሰለፍ ጀመሩ። ራዳሩ በጦርነቱ ጊዜ ለቦምብ ጣይ አውሮፕላን የተሠራ ነው፤ ለዝናብ የታሰበ አልነበረም። ጄኔራሉ ተመልሰው መጡ። ታዲያ የቶርኔዶ ትንበያ ልታወጡ ነው ወይስ አይደለም?

ሚለር ኋላ በጻፉት ማስታወሻ ያን ሰዓት በግልጽ ተርከውታል። ሁለቱም ትንበያውን ማውጣት አልፈለጉም። በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሁለተኛ ቶርኔዶ የመምታቱ ዕድል ከ20 ሚሊዮን አንድ ቢሆን ነው ብለው አስበዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ማንም የማያደርገውን ማድረግ ነው። ቢሳሳቱ መሳቂያ ይሆናሉ። ሆኖም ካርታው ተመሳሳይ ነው ብለው ራሳቸው ተናግረዋል። ጄኔራሉም የያዟቸው እዚያ ላይ ነው። ካመናችሁበት ጻፉት። ፋውቡሽ ቃሉን አዘጋጁ፣ ሚለር በታይፕ መቱት።

ሰፈሩ ዕቅድ ነበረው። አውሮፕላኖች ወደ ሃንጋር ገቡ፤ ልቅ የሆነ ዕቃ ሁሉ ታሰረ። ሠራተኞች ወደ ተሻለ መጠለያ ተዛወሩ። በአየር ላይ ያሉ በረራዎች ወደ ሌላ ማረፊያ ዞሩ፤ ባለፈው መስታወት የረገፈበት የመቆጣጠሪያ ማማም ባዶ ሆነ። ጠቅላላው ሰፈር በሁለት ሰዎች ወረቀት ላይ ተንቀሳቀሰ። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። የሚሠራበት ዕቅድ ከሌለ ትንበያ ወሬ ነው።

11 ሰዓት ገደማ የደመናው መስመር በዊል ሮጀርስ በኩል አለፈ። ሪፖርቱ ቀላል ነጎድጓድ፣ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ነፋስ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል በረዶ የሚል ነበር። ሚለር ይህን ሲሰሙ ነገሩ ያበቃለት መሰላቸው። ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማታ ሬዲዮው ፕሮግራሙን አቋርጦ ቲንከርን ቶርኔዶ መታው ሲል መጀመሪያ ስለ ባለፈው የሚያወራ ነበር የመሰላቸው። የዛሬው ነበር። ደመናው ሰፈሩ አጠገብ ሲደርስ ጉልበት አግኝቶ፣ 12 ሰዓት አካባቢ ቶርኔዶ ወልዶ ሰፈሩን ሰንጥቆት አለፈ።

ጉዳቱ 6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። ከመጀመሪያው 10 ሚሊዮን ጋር ሲወዳደር የቀነሰው ሁሉ በትንበያው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሁለቱ ቶርኔዶዎች በመጠንም በመንገድም አንድ አይደሉም። ሃንጋር የገባ አውሮፕላን ግን ውጭ ከቆመው የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ማማው ውስጥም መስታወት የሚረግፍበት ሰው አልነበረም። ይህን ማንም አይክደውም።

አሁን ስለ ዕድሉ። ዕድል ነበረበት ወይ? አዎ፣ ብዙ። ካርታው በእርግጥ የነገራቸው "ዛሬ ማዕከላዊ ኦክላሆማ አደገኛ ነው" የሚለውን ነው። ከዚያ ሰፊ አካባቢ ውስጥ አንድ ሰፈር መርጦ "እዚህ ይመታል" የሚያሰኝ ካርታ በ1948 አልነበረም። ዛሬም የለም። ቶርኔዶው አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ቢያልፍ ኖሮ የዚያን ቀን ወረቀት የሚያስታውሰው አይገኝም ነበር። ትንበያው ግን ያው ትንበያ በሆነ ነበር፤ ያው ካርታ፣ ያው ሐሳብ፣ ያው ጥንቃቄ። አንድን ትንበያ ጥሩ የሚያሰኘው ከመውጣቱ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። ለዚህ ነው የቦታው መገጣጠም ብዙ የማያስገርመኝ።

ዕድል ብቻ እንዳልነበረ የሚያሳየው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰዎቹ ዘዴውን በሌሎች ቀናት ላይ መሞከሩን ቀጠሉ። በ1951 ከአንድ ሌላ ባልደረባ ጋር ሆነው ምልክቶቹን በዝርዝር አሳተሙ። በዚያው ዓመት አየር ኃይሉ በቲንከር የከባድ አየር ማስጠንቀቂያ ማዕከል አቋቋመ፤ የሚመሩትም ፋውቡሽና ሚለር ሆኑ።

ሲቪሉ ሕዝብ ግን ይህን ትንበያ አያገኝም ነበር። ወታደሩ አውሮፕላኑን ያስገባል፤ አጥር ማዶ ያለው ገበሬ ምንም አያውቅም። ወሬው አልፎ አልፎ ሲሾልክ ሰው መጠየቅ ጀመረ። እውነቱን ነው። ጁላይ 1950 ላይ የሲቪሉ የአየር ሁኔታ ቢሮ ኃላፊ ፍራንሲስ ራይክልደርፈር ለጣቢያዎቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። ቢሮው ቶርኔዶን መተንበይ አይፈልግም ወይም አይችልም የሚያሰኝ ነገር ከመናገር ተቆጠቡ የሚል ነበር። ማርች 1952 ላይ ለሕዝብ የቶርኔዶ ትንበያ መውጣት ጀመረ። ያ ክፍል ስሙንም ቦታውንም እየለዋወጠ ከዋሽንግተን ካንሳስ ሲቲ ሄደ። ከ1997 ጀምሮ ያለው ኦክላሆማ ውስጥ ኖርማን ከተማ ነው፤ ከቲንከር ብዙ አይርቅም።

አንባቢ "እሳተ ገሞራስ በአየር ሁኔታ ካርታ ይተነበያል ወይ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አይተነበይም። ከመሬት በታች ያለ ቅልጥ ድንጋይ በአየር ግፊት መስመር ላይ አይታይም። እሱን የሚጠቁሙት የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች፣ ከሳተላይት የሚታይ የመሬት ማበጥና የሚወጣው ጋዝ ናቸው። የአየር ካርታው ሥራ የሚጀምረው ከፈነዳ በኋላ ነው።

ይህን በቅርቡ በአገራችን አይተነዋል። ኖቬምበር 23 ቀን 2025 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደረሰ። በአካባቢው አፍዴራ ላይ አመድ ዘነበ፤ የግጦሽ መሬት ተሸፈነ። ወደ ላይ የወጣው ደግሞ በፈጣኑ የከፍታ ነፋስ ተይዞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ደረሰ። ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። አመዱ ወዴት እንደሚሄድ ለአየር መንገዶች ያስጠነቀቀው ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ማዕከል ነው። ማስጠንቀቂያው የተመሠረተው በሳተላይት ምስልና በላይኛው ነፋስ ካርታ ላይ ነው። ፋውቡሽና ሚለር በእጃቸው ይሥሉት የነበረው ዓይነት ካርታ መሆኑ ነው፤ ዛሬ ኮምፒዩተር ይሥለዋል እንጂ።

የቲንከሩ ታሪክ ቴክሳስና ኦክላሆማ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሩቅ ታሪክ አይደለም። ዳላስና ዙሪያዋ፣ ጋርላንድን ጨምሮ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉበት አካባቢ ነው። ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ማታ ጋርላንድንና ሮውሌትን ሰው የገደለ ከባድ ቶርኔዶ መቷቸዋል። የፈረንጆቹ ገና ማግስት ነበር። "የቶርኔዶ ወቅት አይደለም" የሚባልበት ጊዜ።

እዚያ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል። ቶርኔዶ ዋች የሚወጣው ከኖርማኑ ማዕከል ነው። ካርታው አደገኛ ነው፣ በሚቀጥሉት ሰዓታት በዚህ ሰፊ አካባቢ ቶርኔዶ ሊፈጠር ይችላል ማለት ነው። የዚያ የ8፡50ው ወረቀት ልጅ ይኸኛው ነው። ቶርኔዶ ዋርኒንግ ግን የሚወጣው ከአካባቢው ቢሮ ነው፤ ቶርኔዶ በዓይን ታይቷል ወይም ራዳር ላይ ሽክርክሪቱ ወጥቷል ማለት ነው። የሚሰጠው ጊዜ የደቂቃዎች ነው። ሜይ 20 ቀን 2013 ኦክላሆማ ውስጥ ሙር ከተማ ላይ 24 ሰው የገደለው ቶርኔዶ መሬት የነካው ዋርኒንጉ ከወጣ 16 ደቂቃ በኋላ ነበር።

በዋርኒንግ ጊዜ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ታችኛው ፎቅ፣ መስኮት ወደሌለው የመሃል ክፍል፣ ወደ ክሎዜት ወይም ወደ መታጠቢያ ቤት መግባት። የማሰቢያው ጊዜ ዋች ሲወጣ ነው። ልጆቹ የት ናቸው? እናት ወይም አባት እንግሊዝኛ የማይሰሙ ከሆነ ማን ይነግራቸዋል? ማታ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳው ሰው የት ሊጠለል ይችላል? ተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ የሚኖር ዘመድ ካለ ወደ ማን ቤት ይሂድ? ስልካችሁ በራሱ የሚጮኸው ለዋርኒንግ ነው። ዋች ሲወጣ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ሰማዩ ከባድ በሚሆንበት ሰሞን ጠዋት ከቤት ሳትወጡ የዕለቱን ትንበያ እዩት። ማታም ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ይደር።